ከሐጅ መልስ፦ የጡር በረሃ ከረንቲና



ጅዳ የኖረ ሰው ከረንቲናን ያውቃል። በስተደቡብ በኩል ወደቡ አጠገብ የነበረ፣ ብዙ አፍሪካውያን ስደተኞች የኖሩበት ሰፈር ነው። ስሙን በየቀኑ የሚጠራው ሰው ብዙ ቢሆንም ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ «አርባ» ከሚለው ቁጥር ወጥቶ በሽታ ካለበት አገር የመጣ መርከብ ከወደብ ውጭ የሚቆይባቸውን አርባ ቀናት ያመለክት ነበር። ዐረቡ «ከረንቲና» አለው፣ እኛ ደግሞ በ2012 ዓ.ም «ኳራንቲን»፣ «ለይቶ ማቆያ»፣ «ውሸባ» እያልን ተማርነው። ቤይሩትም ከረንቲና የሚባል ሰፈር አላት። በነዚህ ሁሉ ቦታዎች አንድ ዘመን ላይ መንገደኛ ተይዞ ቀን ቆጥሯል።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ መንገደኛ ነው፤ ስለ ሐጅ ተመላሹ። የሐጅ ጉዞ ሲነሣ ሁሌም የምንተርከው ስለ መሄዱ ነው፤ ስንቁ፣ ኢሕራሙ፣ ጦዋፉ። መመለሱን ግን እንዘለዋለን። ከመቶ ዓመት በላይ ግን ለሙስሊሙ ሐጃጅ ከባዱ ክፍል መመለሱ ነበር፤ ፈርዱን ጨርሶ አገሩ ደጃፍ ላይ ደርሶ «ቁም!» የሚባልበት። (ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሠርግ ወደሚባለው ቦታ እንሂድ። በሂጅራ 18ኛው ዓመት አካባቢ አሚረል ሙእሚኒን ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በሒጃዝና በሻም መካከል ባለው ሠርግ ላይ የጦር አዛዦቹ ተቀበሏቸው፤ ሻም ውስጥ ጣዑን እንደገባም ነገሯቸው። ዑመር መጀመሪያ ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነዚህ በአንድ ድምፅ ተመለሱ አሏቸው። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) «ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነውን?» የሚል ጥያቄ ሲያነሡ፣ ዑመር ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ ገለጹላቸው፤ አንዱ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሉን የሚያሰማራ እረኛ ምሳሌም ሰጧቸው፤ የትም ቢያግድ በአላህ ቀደር ነው። ከዚህ በኋላ ነው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን የነገሯቸው፤ ወረርሽኝ ያለበት አገር እንዳይገባ፣ ያሉበት አገር ላይ ከተነሣም ሸሽቶ እንዳይወጣ። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ።

ይህን ሐዲስ በ2012 ሁላችንም ስንጠቅሰው ነበር፤ በየግድግዳው በየገጹ ተለጥፏል። ብዙ ጊዜ ያላስተዋልነው ግን ትእዛዙ ሁለት በር እንዳለው ነው። አንዱ የመግቢያ በር ነው፣ ሁለተኛው የመውጫ። በመግቢያው በር ላይ ዘበኛ ማቆም ለመንግሥታት ሁሉ ይቀላቸዋል፤ የሚከለከለው የሌላ አገር ሰው ነውና። የመውጫው በር ግን ኃላፊነቱን በሽታው ባለበት አገር ላይ ይጥላል። የምንተርከው ታሪክ ውስጥ ይህ ሁለተኛው በር እንዴት እንደተረሳ እናያለን።

የዑለማው ክርክር በዑመር ዘመን አልቆመም። በ1826 የግብጹ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ ተማሪዎችን ወደ ፈረንሳይ ሲልክ ኢማም ሆኖ አብሮ የሄደው ወጣቱ የአዝሀር ዓሊም ሪፋዐ አጥ ጠህጣዊ ነበር። ማርሴይ ሲደርሱ ከተማ አልገቡም፤ ከከተማው ውጭ ባለ የመንገደኛ ማቆያ 18 ቀን ተቀመጡ። ጠህጣዊ ኋላ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ላይ ይህን ቆይታ ከነገረ በኋላ ስለ ከረንቲና ሸሪዓዊ ብይን የተከራከሩ ሁለት የቱኒስ ዑለማእን ያነሣል፤ ማሊኪው ሸይኽ አል መናዒ ይከለክላል፣ ሐነፊው ሸይኽ በይረም ይፈቅዳል። ይገርማል፤ ጉዳዩ ፈረንሳይ ውስጥ የታየ የባዕድ ልማድ ብቻ አልነበረም፣ በሙስሊሙ አገር ውስጥም ትኩስ ጥያቄ ነበር ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልጄሪያዊው ሐምዳን ኸውጃ ከረንቲና ከሸሪዓ ጋር እንደማይጋጭ የሚያስረዳ ኪታብ አዘጋጀ። በ1838 ሱልጣን መሕሙድ ዳግማዊ በሸይኹል ኢስላሙ ፈትዋ ተደግፈው በኢስታንቡል የከረንቲና ምክር ቤት አቋቋሙ። ስለዚህ «ከረንቲናን ፈረንጅ በግድ ጫነብን» የሚለው የተለመደ ወሬ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሙስሊሞች ራሳቸው ተከራክረው ራሳቸው ተቀብለውታል። ቅሬታው የመጣው ከሕጉ አተገባበር ነው፤ ወደሱ እንመጣለን።

ኮሌራ መካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐጅ ወቅት የታየው በ1831 ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ መጣ። ዓለምን ያስደነገጠው ግን የ1865ቱ ነው። በዚያ ዓመት ከ90 ሺህ ገደማ ሑጃጅ መካከል ወደ 15 ሺህ የሚሆኑት በሒጃዝ እንደሞቱ ይገመታል። ዱሮ ቢሆን ከሞት የተረፈው በግመል ቅፍለት ለሳምንታት በረሃውን እያቋረጠ ይመለስ ነበር፤ በሽታውም ከሰዎቹ ጋር በረሃው ላይ ይቀራል። በ1865 ግን የእንፋሎት መርከብ ነበረ፣ ከስዊዝ እስክንድርያ የሚደርስ ባቡርም ነበረ። በግንቦት ወር ስዊዝ የደረሰው የመጀመሪያው መርከብ 1,500 ያህል ሑጃጅ ይዞ ነበር፤ በመንገድ ላይ ብዙ አስከሬን ባሕር ውስጥ ተጥሏል። ካፒቴኑ ግን ሰዎቹ የሞቱት በማይተላለፍ በሽታ ነው ብሎ አስመዘገበ፤ መንገደኞቹም ወረዱ። ከሁለት ቀን በኋላ ካፒቴኑ ራሱና ሚስቱ በኮሌራ ታመሙ። ሰኔ ሲገባ በሽታው እስክንድርያ ነው። በሦስት ወር ግብጽ ውስጥ ብቻ 60 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። ከእስክንድርያ ኢስታንቡል፣ ማርሴይ፣ ቀጥሎም የሜዲትራኒያን ወደቦች በሙሉ።

ማዕበሉ እኛም ዘንድ ደርሷል። በ1866 ጣና ዳር በነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠፈር ኮሌራ ገብቶ ሠራዊቱን ሲፈጅ፣ ንጉሡ ሠፈሩን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። አምዋስ ላይ ጣዑን በተነሣ ጊዜ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሰዉን ወደ ተራራ ይዘው የወጡበትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ሲያነብ አንድ አፍታ ቆም ማለቱ አይቀርም።

የአውሮፓ መንግሥታት በዚያው በ1866 የካቲት ወር ኢስታንቡል ላይ ተሰበሰቡ። ጉባኤው ሰባት ወር ፈጀ። ኮሌራ ከሕንድ ይነሣል፣ መካ ላይ ይባዛል፣ ከዚያ ሑጃጁ ይዘውት ይበተናሉ የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። የፈረንሳይ ተወካዮች ያቀረቡት ሐሳብ ደግሞ ሑጃጅ መካከል ኮሌራ ከተነሣ በዐረቢያና በግብጽ መካከል ያለው የባሕር መንገድ ወዲያው ይዘጋ የሚል ነበር። ተመላሹ ወይ ሒጃዝ ይቆያል ወይ በበረሃ ይጓዛል። የዑስማንያ ተወካዮች ተቃወሙ፤ ስንቁን የጨረሰ ሕዝብ በረሃ ላይ ይራባል፣ ሁከትም ይነሣል አሉ። ሐሳቡን ስታነቡት ከሐዲሱ ሁለተኛ በር ጋር የሚመሳሰል ይመስላል፤ በሽታ ካለበት አገር አትውጡ ነውና። ግን ለማይወጣው ሰው ማን ያብላው? ውሃውን ማን ያጥራለት? ስለዚህ የሚናገር የለም።

ከ1870ዎቹ ጀምሮ የመመለሻው በር ጡር ሆነ። ጡር በደቡብ ሲና፣ ስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ላይ ያለች፣ ያኔ ትንሽ የቴምር ዛፍ መንደር ነበረች። ወደ ግብጽና ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች የሚመለስ ማንኛውም ሐጃጅ እዚያ መውረድ ነበረበት። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፍቶ ነበርና ያችን ነጥብ ሳይነካ ወደ ሰሜን የሚያልፍ የሑጃጅ መርከብ የለም። ጡርን ግብጽ ውስጥ የነበረው ባለብዙ መንግሥታት የጤና ቦርድ ያስተዳድራት ነበር፤ ቦርዱ ላይ የሚወስኑት ደግሞ በአብዛኛው የአውሮፓ ተወካዮች ናቸው።

የጡር ቀን ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። መርከቡ መልሕቅ ይጥላል። ሑጃጁ በጀልባ ወደ ዳርቻ ይወሰዳሉ፤ በተራ ይቆማሉ፤ ሐኪም ያያቸዋል። ልብሳቸው፣ ምንጣፋቸው፣ ጓዛቸው በሙሉ ወደ ትልቅ የእንፋሎት ምድጃ ይገባል፤ ሰዉ ደግሞ ወደ መታጠቢያ። ከዚያ በአንድ መርከብ የመጡት አንድ ላይ በሽቦ ወደታጠረ ክልል ይገባሉ፤ የሌላ መርከብ ሰዎች ጋር መቀላቀል የለም፤ ወታደር ይጠብቃል። በሽታ ካልታየ ሦስት ቀን ነው። በሽታ ከታየ ግን ይረዝማል፤ ቆጠራው ከመጨረሻው ታማሚ ቀን እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሕጉ በሕክምና ዓይን ትክክል ነው፤ ኮሌራ ከሰዓታት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክቱን ያሳያልና አዲስ ታማሚ በተገኘ ቁጥር መቁጠሪያውን መመለስ ምክንያታዊ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ላለው ሰው ግን ምን ይነግረዋል? «አባትህ እንዳመመው ከተናገርህ አንተና በዙሪያህ ያሉት ሁሉ ከዜሮ ትጀምራላችሁ» ነው የሚለው። ስንቁ አልቋል፣ በክልሉ ውስጥ የሚሸጠው ምግብ ውድ ነው፣ ልጆቹ ቤት ይጠብቁታል። እንዲህ ያለ ሕግ ሰውን እውነት እንዲናገር ሳይሆን ታማሚውን በብርድ ልብስ እንዲሸፍን ያስተምረዋል። በ1865 ስዊዝ ላይ የዋሸው ካፒቴን ያደረገውን አሁን ድኻው ሐጃጅ እንዲያደርገው ተገፋ። ሳይሸፍን የሚችለው ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በሰንቡክ ሌሊት ተሻግሮ ወደብ በሌለበት ዳርቻ መውረድ፣ ወይም በየብስ መዞር። ይህንንም ያደረጉ ብዙ ናቸው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። በ1892 ቬኒስ ላይ በተደረሰ ስምምነት ከምሥራቅ የሚመጣ የንግድ መርከብ በሽታ ቢኖርበት እንኳ ሐኪምና የእንፋሎት ምድጃ ከያዘ ማንንም ሳያወርድ የስዊዝን ቦይ አቋርጦ እንዲያልፍ ተፈቀደ። እንግሊዝ የቦዩን ንግድ ማዘግየት አልፈለገችም። ኮሌራ የሚነሣባት ተብላ የተፈረደባት ሕንድም በእጇ ነበረች። ስለዚህ የቦምቤይ ጥጥ ያልፋል፣ ሐጃጁ ይወርዳል። በሽታው አንድ ነው፤ የተለየው ተሳፋሪው ነው። ከአንዳንድ ጸሐፊዎች የምለየው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ሐጃጁ ከረንቲናን የጠላው በአላዋቂነት ነው ይላሉ። እኔ ግን ሐጃጁ አጠገቡ የሚያልፈውን መርከብ ዓይኑ እያየ ነበር እላለሁ።

ወደ መካ በሚሄደው መንገድ ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ዑስማንያዎች በ1882 የመን ዳርቻ ባለችው የከመራን ደሴት ማቆያ ከፈቱ፤ ከሕንድና ከጃቫ የሚመጡት እዚያ ይወርዱ ነበር፤ የውሃው ነገርና የሚከፈለው ክፍያ የዘወትር ቅሬታ ነበር። ፈረንሳይ በበኩሏ በብዙ ዓመታት የአልጄሪያ ሙስሊሞችን በበሽታ ምክንያት ከሐጅ ከለከለች፤ ምክንያቱ የጤና ብቻ ነበር ብሎ የሚያምን የታሪክ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው።

ቁጣው በ1895 ፈነዳ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1893፣ መካ ላይ ከባድ ኮሌራ ስለነበር በቅድስቲቱ ከተማና በጅዳ የእንፋሎት ማጽጃ መሣሪያዎች ተተክለው ነበር። በግንቦት 1895 በጅዳ አቅራቢያ በደዊዎች የአውሮፓ ቆንስሎችን አጠቁ፤ የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል የነበረው ሙስሊሙ ሕንዳዊ ሐኪም ዶክተር ዐብዱረዛቅ ተገደለ። ማጽጃዎቹም ተሰባበሩ። ሰውዬው ስለ ሑጃጅ ጤና ዓመት ዓመት ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ ነበር። መሣሪያው ሕይወት ሊያድን የሚችል ነገር ነው፤ የመታው እጅ ግን ያየው የባዕድ መሣሪያ ነው። ያ ቀን ለማንም አልጠቀመም።

ጡር በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ስሟ እስከ ዛሬ ይጠራል። በ1905 እዚያ ማቆያ ውስጥ ከሞቱ ከሐጅ ተመላሾች አካል ፊሊክስ ጎትሽሊክ የተባለ ሐኪም አንድ የኮሌራ ባክቴሪያ ዓይነት ለየ፤ ሟቾቹ ግን የኮሌራ ምልክት አልነበረባቸውም። በቦታው ስም «ኤል ጡር» ተባለ። ለዓመታት የሳይንቲስቶች መከራከሪያ ብቻ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1961 ከኢንዶኔዥያዋ የሱላዌሲ ደሴት ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ፤ በ1970 አፍሪካ ገባ። ሳይታመሙ ተሸካሚ መሆን እንደሚቻል የሽቦው አጥር ውስጥ የነበሩት እነዚያ ሟቾች አስቀድመው አሳይተው ነበር።

የሐጃጁ ልዩ ከረንቲና ያበቃው በ1950ዎቹ ነው። ከመራን በ1952 ተዘጋች። ሳዑዲ ዐረቢያ በ1956 ጅዳ ላይ ትልቅ የለይቶ ማቆያ ሆስፒታል ስትከፍት የዓለም ጤና ድርጅት ለሐጅ ብቻ የወጡትን ልዩ ደንቦች አነሣ፤ ሐጃጅ እንደማንኛውም መንገደኛ ሆነ። በዚህ መካከል ክትባት፣ ንጹሕ ውሃና ሐኪም በሒጃዝ ውስጥ ገብተው ነበር። የሁለተኛው በር ኃላፊነት ወደ ቦታው የተመለሰው ያኔ ነው ማለት ይቻላል፤ 90 ዓመት ፈጅቶ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በዚያው ወር አጋማሽ ማንኛውም ከውጭ የሚገባ ሰው 14 ቀን በራሱ ወጪ በተመደበ ሆቴል እንዲቆይ ታዘዘ። ወዲያው ጥያቄው መጣ፤ ከሳዑዲ የሚባረረው፣ በእጁ ፌስታል ብቻ ይዞ የሚወርደው ልጅስ? ለነሱ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ፤ ተማሪው ወደ ቤቱ ተልኮ ስለነበር ማደሪያው ባዶ ነበር። ውሳኔው ችግር አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ የምግብ፣ የመረጃ፣ የመጨናነቅ ቅሬታ ነበር። ግን ከጡር ጋር ሳነጻጽረው አንድ ነገር ይለያል፤ መክፈል ያልቻለው ተመላሽ ውጪ አልቀረም፣ ወደ ሰንቡክም አልተገፋም።

ያልተለየው የመውጫው በር ነው። ወረርሽኙ ከጀመረበት እስከ ሚያዝያ 2012 መጀመሪያ ድረስ ብቻ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መባረሩ ለጊዜው እንዲቆም ጠይቋል። ከዚያም በኋላ በጂዛን ማጎሪያዎች የነበሩ ወገኖቻችን ሁኔታ የዓለም ዜና ሆነ። በሽታ ካለበት አገር በፈቃዱ ሸሽቶ መውጣት የተከለከለ ነው፤ ሰውን በግድ እየጫኑ ማውጣትስ? ዑለማኦቻችን በሰፊው ቢያብራሩት የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

በዚያው ዓመት በሐጅ ወር ካዕባ ዙሪያ ጦዋፍ ያደረጉት በሳዑዲ ውስጥ ከሚኖሩ የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሐጅ ከማድረጋቸው በፊት ተለይተው ቆዩ፤ ከጨረሱ በኋላም እንደገና ተለይተው ቆዩ። መግቢያውም መውጫውም በአንድ መንግሥት እጅ ነበርና ሁለቱም ተጠበቁ።

በዚያ ጸደይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ማደሪያ ውስጥ ቀን ሲቆጥሩ ከነበሩት መካከል ጅዳ ከረንቲና ሰፈር የኖረ አይጠፋም። በሕይወት ካላችሁና ይህን ካነበባችሁ፣ የ14ቱን ቀን ታሪካችሁን ጻፉልን። የአያቶቻችሁን የሐጅ መልስ ከአፋቸው የሰማችሁም እንዲሁ፤ በየት ወረዱ? ስንት ቀን ቆዩ? ማን አበላቸው?